ግሌንትሬስና ኢነርሊዘን፦ ከቀለሙ በፊት መሬቱን ማየት

ከኤዲንብራ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል በአውቶቡስ ሲኬድ የትዊድ ሸለቆ ይገኛል። ወንዙን ተከትለው፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው፣ ፒብልስና ኢነርሊዘን የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ከተሞች አሉ። በግራና በቀኝ ያሉት ኮረብቶች በደን ተሸፍነዋል፤ የስኮትላንድ የተራራ ብስክሌት ሰው ቅዳሜና እሑዱን የሚያሳልፈው በአብዛኛው እዚህ ነው። ግሌንትሬስ ከፒብልስ በስተምሥራቅ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በኢነርሊዘን በኩል ደግሞ ሁለት ቦታ አለ። ከወንዙ ደቡብ ያለው የቁልቁለት መንገዶች የሚገኙበት የትራኳር ደን ነው። ከሰሜን ያለው የካበርስተን ደን ሲሆን፣ መውጫው በከተማዋ የጎልፍ ሜዳ አጠገብ ስለሚያልፍ ሁሉም ጎልፊ ይለዋል።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ለመማር ከግሌንትሬስ የተሻለ ቦታ በብሪታንያ ማግኘት ይከብዳል። ለሚችል ሰው ግን ጎልፊ ይበልጠዋል። ችግሩ ያለው በመሃል ነው፤ ግሌንትሬስ ላይ ሦስት ቀን ጋልቦ "ቀዩን መንገድ እንደ ውሃ ጠጣሁት" ያለ ሰው በአራተኛው ቀን በዚያው ብስክሌት፣ በዚያው የጎማ ንፋስ ጎልፊ ይወጣና ይወድቃል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ ግሌንትሬስ ያሳስቃል።

ምክንያቱ ቀለሙ ነው። በመላው ብሪታንያ የደን ብስክሌት መንገዶች በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቀይና በጥቁር ይመደባሉ። አረንጓዴው ለጀማሪና ለልጅ፣ ጥቁሩ ለበረታ ሰው ነው። መዝለያና ትልልቅ ግንባታ ያለበት ቦታ ብርቱካናማ ይሰጠዋል። ቀለሙ መንገዱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይናገራል፤ ጎማው ስር ምን እንዳለ ግን አይናገርም። በዚህ ሸለቆ ደግሞ ሁሉንም ነገር የሚወስነው ጎማው ስር ያለው ነው።

የግሌንትሬስ መንገዶች አብዛኞቹ የተፈጨ ድንጋይ የለበሱ ናቸው። ሠሪዎቹ አፈሩን እስከ ጠንካራው ድረስ ይቆፍሩና ከአካባቢው የወጣ ድንጋይ ያነጥፋሉ፤ ከላዩ ደቃቅ ጠጠር ያለብሱና በማሽን ይጠቀጥቃሉ። ውሃ ከመንገዱ ጋር አብሮ ቁልቁል እንዳይወርድ በየጥቂት ሜትሩ መንገዱ ራሱ ትንሽ ይወርድና መልሶ ይወጣል፤ ዝናቡ በዚያች ጎድጓዳ በኩል ወደ ጎን ይፈሳል። ጋላቢው ይህን የሚያውቀው ሆዱን በምታላውሰው ሞገድ ብቻ ነው፤ ለመዝናኛ የተሠራች ይመስለዋል፤ ዋናው ሥራዋ ግን የቦይ ሥራ ነው። በኅዳር ሙሉ ሳምንት ዘንቦ በማግስቱ ግሌንትሬስን መጋለብ የሚቻለው በዚህ ብልሃት ነው። እንደዚህ ያልተሠራ መንገድ በዚያ ወቅት ጭቃ ገንዳ ይሆናል።

ሰማያዊው ከሁሉም ምርጡ ነው። ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ የሥራው ጥራት ስለሚያስደንቅ ነው። ዳገቱ ተዘረጋግቶ፣ በደኑ ውስጥ እየተጠማዘዘ፣ እግርን ሳያደክም ይወጣል። መካከለኛ አቅም ያለው ሰው ከቀላሉ ሁለተኛ ማርሽ በላይ ሳይፈልግ ወሬ እያወራ ይወጣዋል። ቁልቁለቱ ላይ ኩርባዎቹ ጎናቸው ከፍ ተደርጎ ስለተሠራ ብስክሌቱ ራሱ ይዞራል። እዚህ ነው ዋናውን ትምህርት መማር የሚቻለው፦ ፍሬኑ ከኩርባው በፊት ይያዛል፣ ኩርባው ውስጥ ይለቀቃል፤ ዓይን መውጫውን እንጂ የፊት ጎማውን አያይም፤ ፔዳሎቹ እኩል ደረጃ ላይ ይሆኑና ክብደቱ ሁለቱም እግሮች ላይ ያርፋል። ኩርባ ውስጥ ገብቶ ፍሬን የሚይዝ ሰው ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ይነሳበታል፤ ወደ ውጭ የሚወጣውም በዚያ ነው። ልምድ ያላቸውም ሰዎች ቢሆኑ የመጀመሪያውን ጠዋት ሰማያዊው ላይ ቢያጠፉ አይቆጩም።

ቀዩ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ የወጣው ስፑኪ ዉድ በተባለው ቁልቁለት ነው፤ ከላይ ተጀምሮ ኩርባና ጠፍጣፋ መዝለያ እየተከታተለ የሚወርድ፣ ፍጥነት የሚያስለምድ መንገድ ነው። መዝለያዎቹ ላይኛቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ መዝለል የማይፈልግ ሰው ተንከባልሎ ያልፋቸዋል፤ አጭር የዘለለም ጠፍጣፋው ላይ ያርፋል እንጂ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ይህ ብዙ ቦታ የማይገኝ ደግነት ነው። ቅሬታም አለ። ከየኩርባው በፊት ባሉት ሜትሮች መሬቱ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ተቦርቡሯል። ሁሉም ሰው ዘግይቶ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ስለሚይዝ ጎማው ጠጠሩን ወደፊት እየገፋ ጉድጓድ ይሠራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጉድጓዱን ያጠልቀዋል። በበጋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጅን የሚያደነዝዘው ይህ ነው። መድኃኒቱ ከተቦረቦረው ቦታ አስቀድሞ ፍሬን ይዞ መጨረስና ቡርቡሩን በላላ እጅ ማለፍ ነው፤ በተጨማሪም በማክሰኞ ጠዋት መምጣት።

ጥቁሩ 29 ኪሎ ሜትር ሲሆን እስከ ደንስሌር ሃይትስ አናት፣ 602 ሜትር፣ ይወስዳል። ቁጥሩን የሰማ የአዲስ አበባ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ እንጦጦ ከዚህ በብዙ እጥፍ ከፍ ያለ ነው። ሳንባ እዚህ አይጨነቅም። የሚጨነቀው እግርና ጣት ነው፤ መውጣትና መውረዱ ተደጋጋሚ ነው፣ ከዛፉ መስመር በላይ ደግሞ ነፋሱ ልብስን ዘልቆ ይገባል። ከአናቱ ጀምሮ የደኑን ጠርዝ ይዞ የሚሄደው የባውንደሪ ክፍል ድንጋያማና ጠባብ ነው፤ ቀጥሎ ዴሊቨራንስ ቁልቁል ይወስድና ሪደምፕሽን የሚባል ረጅም ዳገት ያስከፍላል። ከዚህ በታች እውነቱን ለመናገር ጥቁሩ ለርዝመቱ የሚመጥን ነገር አይሰጥም። ግማሹ የደን መኪና መንገድ ላይ የሚጠፋ ጉልበት ነው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሰማያዊውን ጠዋት፣ ቀዩን ሁለት ጊዜ ከምሳ በኋላ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ቦታው የታላላቆችንም ፈተና አይቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የዓለም ብስክሌት ሻምፒዮና ላይ የአገር አቋራጭ ውድድሩ እዚሁ ግሌንትሬስ ነበር፤ በወንዶች ቶም ፒድኮክ፣ በሴቶች ፖሊን ፌራን ፕሬቮ አሸነፉ።

አሁን ወደ ኢነርሊዘን። ከወንዙ ደቡብ ያለው ቀይ መንገድ 19 ኪሎ ሜትር ሲሆን 567 ሜትር ከፍታ ወዳለው ሚንች ሙር አናት ተጠግቶ ያልፋል፤ የሚያልቀው ካደን ባንክ በተባለ ድንጋያማ ቁልቁለት ነው። ያው ቀይ ቀለም ነው፤ ነገር ግን ከግሌንትሬሱ ቀይ አንድ ደረጃ እንደሚከብድ ይታሰብ። ከጎኑ ያሉት ጎልድ ረን፣ ማታዶር፣ ክሬስታ ረንና ሜክ ኦር ብሬክ የቁልቁለት መንገዶች ናቸው፤ እነዚህ ላይ ብስክሌት በተሳቢ ጭኖ ሰውን በመኪና ወደ ላይ የሚያወጣ አገልግሎት አለ። ቦታው አስቀድሞ ይያዛል፤ ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ይሞላል። ለዚህ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ ይዞ መሄድ ግድ ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል፤ በተከታታይ ሲወረድ ስህተቱ የሚመጣው እጅ ሲደክም፣ ከምሳ በኋላ ነው።

ጎልፊ ሌላ ዓለም ነው። መውጫው ወደ 45 ደቂቃ የሚወስድ የደን መኪና መንገድ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ አማራጭ የለውም። ከዚያ በኋላ ያሉት መንገዶች በእጅ፣ በአካፋና በዶማ የተቆፈሩ ናቸው። የተነጠፈ ድንጋይ የለም። የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ከደኑ ባለቤት ከስኮትላንድ የደንና የመሬት ተቋም ጋር ተስማምተው ይጠግኗቸዋል። ቀለም የተቀባ ምሰሶ አይጠበቅ፤ ካርታው በስልክ አስቀድሞ መውረድ አለበት። የኢንዱሮ፣ ማለትም ቁልቁለቱ ብቻ በሰዓት የሚለካበት፣ የዓለም ውድድሮች እ.ኤ.አ. በ2014 ወደዚህ ሸለቆ የመጡትም እንዲህ ያለ መሬት ስላለ ነው። መጀመሪያ የሚሞከረው ኒው ዮርክ ኒው ዮርክ ነው፤ ናይ ስፕሊንና ("ጣፊያ የለም") ሪፒት ኦፌንደር ("ደጋግሞ አጥፊ") ግን ስማቸው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

እዚህ ጎማው ስር ያለው የዛፍ ቅጠል መርፌ፣ አፈርና ሥር ነው። ምክንያቱን ማወቅ ለመጋለብ ይጠቅማል። ካበርስተን ላይ የተተከለው በብዛት ሲትካ ስፕሩስ ነው፤ ሁሉም በአንድ ዘመን ስለተተከለ ጥቅጥቅ ብሎ ብርሃን አያሳልፍም። መሬቱ ላይ ሣር አይበቅልም፤ የወደቀው መርፌ ብቻ ተደራርቦ ለስላሳ ምንጣፍ ይሆናል። የስፕሩስ ሥር ደግሞ እርጥብ መሬት ላይ ወደ ታች አይጠልቅም፤ ወደ ጎን ይዘረጋል። ጎማ መርፌውን ሲጠርገው ሥሩ ይገለጣል፤ ቅርፊቱ ተልጦ ሲረጥብ የተቀባ ሳሙና ነው። ግሌንትሬስ ውስጥ ልዩ የሆነ ክፍል አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ አንደርሰን ባስጀመሩት ሙከራ ደኑ በአንድ ጊዜ ሳይጨፈጨፍ፣ ዕድሜው የተለያየ ዛፍ እንዲኖረው ተደርጎ ቆይቷል። ከዚያ ክፍል ወጥቶ ወደ ካበርስተን የሚሻገር ሰው ልዩነቱን በብርሃኑ ብቻ ያውቀዋል።

ሥር ላይ የሚሠራው ሕግ አጭር ነው። ሥሩ በተቻለ መጠን በቀጥታ፣ በመስቀለኛ ይቋረጣል፤ በሰያፍ የነካ ጎማ ሥሩን ተከትሎ ይንሸራተታል። ሥሩ ላይ ፍሬን አይያዝም፣ መሪም አይጠመዘዝም። ከሥሩ በፊት ክብደት ወደ ታች ይጫናል፣ ሥሩ ላይ ሲደረስ ይቀላል። ፍጥነት የሚቀነሰው ጎማ የሚይዝበት አፈር ላይ ነው፤ ስለዚህ ዓይን አምስትና ስድስት ሜትር ወደፊት እየሄደ "የት ላይ ነው የማቆመው" የሚለውን መፈለግ አለበት። ግሌንትሬስ ላይ ይህ ጥያቄ የለም፣ ጠጠሩ የትም ቦታ ይይዛል። የጎልፊ አደጋ ምንጩ ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ቁልቁለቱ ሲያስፈራው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቂጡ ከኋላ ጎማ በላይ ይንጠለጠላል፤ የፊት ጎማው ክብደት አጥቶ በመጀመሪያው ኩርባ ያመልጣል። ደረት ዝቅ ብሎ፣ ክርን ወደ ውጭ ተከፍቶ፣ ክብደት እግር ላይ ሆኖ መሃል መቆም ነው የሚያድነው።

ብስክሌቱን ማዘጋጀት ላይ ሰዎች የማያስፈልገውን ይገዙና የሚያስፈልገውን ይተዋሉ። በጎማ እንጀምር። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ 2.4 ኢንች ስፋት ላለው ቱብለስ (ካላማዳሪያ የሌለው) ጎማ፣ ግሌንትሬስ ላይ ከፊት 22 እስከ 24፣ ከኋላ 25 እስከ 27 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ጎልፊ ላይ እርጥብ ከሆነ ከሁለቱም አንድ ወይም ሁለት ይቀነሳል። ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ከሆነ ግን አራት ያህል መጨመር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የድንጋይ ጠርዝ ጎማውን እስከ ቸርኬው ይጨቁነውና ካላማዳሪያው ሁለት ቦታ፣ እንደ እባብ ንክሻ፣ ይበሳል። የፖምፓ መለኪያዎች እርስ በርስ አይስማሙም፤ ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ መለካት ከትክክለኛው ቁጥር ይበልጣል። ቱብለስ ውስጥ ያለው ማሸጊያ ፈሳሽ ለ29 ኢንች ጎማ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፣ በሁለትና ሦስት ወር ይደርቃል። ብስክሌቱን ወዝወዝ አድርጎ የፈሳሽ ድምፅ ካልተሰማ ከጉዞው በፊት ይጨመር።

ፍሬን ላይ ነው ይህ ሸለቆ ኪስ የሚያራቁተው። የኮረብቶቹ ድንጋይ ግሬይዋክ ይባላል፤ በሸክላ ውስጥ የተጣበቀ የኳርትዝ ቅንጣት ያለበት ጠጣር አሸዋማ ድንጋይ ነው። ተፈጭቶ ሲረጥብ የሚወጣው ግራጫ ጭቃ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው፤ ዲስኩና ሸራው መሃል ገብቶ ይፈጫል። ኦርጋኒክ ወይም ሬዚን የተባለው ለስላሳ የፍሬን ሸራ ዝናባማ ቀን ላይ ጠዋት አዲስ ሆኖ ገብቶ ማታ ሊያልቅ ይችላል። ብረታማው፣ ሲንተርድ የሚባለው፣ ድምፅ ያሰማል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይይዛል፣ ግን ይቆያል። እዚህ ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። ዲስኩ ላይ "ሬዚን ብቻ" የሚል ጽሑፍ ካለ ግን ብረታማ ሸራ አይገጠምበትም፣ ዲስኩን ይበላዋል።

ሽማኖ የሸራው ንጥረ ነገር 0.5 ሚሊ ሜትር ሲቀር ይቀየር ይላል፤ ስራም ደግሞ ከጀርባ ብረቱ ጋር ሲለካ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያንስ። ያንን ድንበር ሳይጠብቁ ከጉዞው በፊት መቀየርና ያገለገለውን ለመጠባበቂያ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ነው። አዲስ ሸራ ሲገጠም መሬት ላይ ማለማመድ ያስፈልገዋል፦ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ ሃያ ጊዜ ያህል፣ ጎማው ሳይቆለፍ፣ የእግር እርምጃ እስኪመስል ማቀዝቀዝ፤ ከዚያ ፈጠን ብሎ አሥር ጊዜ መድገም። ይህን ያልፈጸመ ሰው መጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት ላይ ሸራውን አሙቆ ያንጸባርቀዋል፤ ጩኸት ይሰማል፣ ኃይል አይኖረውም። ካቴና የሚቀባ ዘይት በርጭት መልክ ዲስኩ አጠገብ መጠቀም ያንኑ ውጤት ያመጣል፤ ዘይት የነካው ሸራ ይጣላል፣ በእሳት ይጸዳል የሚለው ወሬ ጊዜ ማባከን ነው።

የዲስክ ስፋት ጎልፊ ላይ ከፊት 200 ሚሊ ሜትር፣ ሸራውን የሚጨብጠው ካሊፐር ባለ አራት ፒስተን ቢሆን ይመረጣል። ግሌንትሬስ ላይ 180 ይበቃል። ፎርኬላው ሰው ሲቆምበት ሊሰምጥ ከሚችለው ርዝመት ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ የኋላው አሞርዛተር ከ25 እስከ 30 በመቶ መስመጥ አለበት፤ ይህን ለማየት ከጉዞው በፊት ላስቲኩን ቀለበት ወደ ታች ገፍቶ ሙሉ ልብስና ቦርሳ ይዞ መቆም ብቻ ይበቃል። ኮርቻው በቁልፍ የሚወርድ ካልሆነ ብስክሌቱ ለዚህ ቦታ አልደረሰም።

ከቦርሳው ውስጥ፦ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ፣ ቲ25 የኮከብ ቁልፍ፣ የካቴና መገንጠያና ከማርሹ ቁጥር ጋር የሚስማማ ፈጣን ማያያዣ፣ አንድ ካላማዳሪያ፣ ጎማ መክፈቻ፣ የቱብለስ መሰኪያ፣ ትንሽ ፖምፓ። እንዲሁም የማርሽ መቀየሪያውን ከቻሲው ጋር የሚያገናኘውን መስቀያ መጠባበቂያ። ይህች ትንሽ አሉሚኒየም ሆን ተብሎ ደካማ ሆና ነው የምትሠራው፤ ድንጋይ ሲመታ እሷ እንድትታጠፍ፣ ቻሲው እንዲተርፍ። ለየብስክሌቱ ሞዴል የተለየች ስለሆነች ሱቅ ውስጥ የምትገኘው በዕድል ነው።

ብስክሌት ለሚከራይ ሰው፣ በግሌንትሬስ መግቢያ አካባቢ ኪራይ አለ። ከመፈረም በፊት አምስት ደቂቃ ይወሰድ። የፊት ፍሬኑን ይዞ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ወዝወዝ ማድረግ፤ መሪው ላይ ኳ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ጎማውን በጎን ገፋ ገፋ ማድረግ፤ ከተንቀሳቀሰ የላላው ሞዞው፣ የጎማው እምብርት፣ ነው። የፍሬን እጀታው መያዣውን እስኪነካ የሚሄድ ከሆነ ወይም አየር ገብቶበታል ወይም ሸራው አልቋል፤ ብስክሌቱ ይቀየር። ማርሹን ሁሉንም ወጥቶ ወርዶ መሞከር፣ ትልቁ ላይ ሲደርስ መቀየሪያው ወደ ራጂዎቹ (የጎማው ሽቦዎች) እንዳይጠጋ ማየት። የፊትና የኋላ ፍሬን ብሪታንያ ውስጥ ከአህጉሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀኝ እጅ የፊቱን ነው የሚይዘው። ከጀርመን ወይም ከስዊድን የመጣ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀኙን ጨብጦ በመሪው ላይ ተገልብጧል ቢባል አይገርምም። ኪራይ ቤቱ እንዲቀይርለት መጠየቅ ይችላል።

ኤሌክትሪክ ብስክሌት በዳገቱ ላይ ጊዜ ይቆጥባል፤ ቀዩን በግማሽ ቀን ሦስት ጊዜ ለመድገም ያስችላል። ቁልቁለት ላይ ግን ክብደቱ ሸራውን ቶሎ ይጨርሳል፣ ማቆሚያ ርቀቱም ይረዝማል። የሕጉ ገደብ 250 ዋት ሲሆን ሞተሩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ያቋርጣል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ሚያዝያና ግንቦት ጥሩ ናቸው፣ መስከረም ከሁሉ ይሻላል። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ከሥራ በኋላ ቀዩን መጋለብ ይቻላል። ታኅሣሥ ላይ ግን 9 ሰዓት ከ40 ላይ ትጠልቃለች፤ ደኑ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጨልማል። መብራት ሳይይዝ ከምሳ በኋላ ጥቁሩን የሚጀምር ሰው እየገፋ ይወርዳል።

የዘጋ ምልክት ከተገኘ ይከበር። ይህ የእንጨት እርሻ ነው፤ ዛፍ ይቆረጣል፣ ከባድ መኪና በደን መንገዱ ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የመጣው አርወን የተባለው ማዕበል በምሥራቅና ደቡብ ስኮትላንድ ብዙ ዛፍ ጥሏል። ነፋሱ የመጣው ከሰሜን ነበር፤ ዛፎቹ ግን ሥራቸውን ያዘጋጁት ዘወትር ከደቡብ ምዕራብ ለሚነፍሰው ነው፣ ባላሰቡት በኩል ተመቱ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ግንድ ስለሚኖር የተዘጋውን ከሥሩ ሾልኮ ማለፍ ጀግንነት አይደለም።

መግቢያ አይከፈልም። የ2003 የስኮትላንድ የመሬት ማሻሻያ ሕግ ለእግረኛም ለብስክሌተኛም በኃላፊነት እስከሄደ ድረስ በአብዛኛው መሬት ላይ የመተላለፍ መብት ይሰጣል። እንግሊዝ ውስጥ የለመደ ሰው ይህ ያስገርመዋል፤ እዚያ ብስክሌት በእግረኛ መንገድ ላይ አይፈቀድም። የሚከፈለው የመኪና ማቆሚያ ነው። በሌላ በኩል መብቱ ለመንገድ መሥራት አይደለም፤ በራስ ፈቃድ አዲስ መንገድ መቆፈር ነው ባለቤቱንና ጋላቢዎቹን ያጣላው።

ከለንደን ለሚመጣ ሰው ባቡሩ እስከ ኤዲንብራ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ብስክሌት ቦታ አስቀድሞ መያዝ አለበት። ከዚያ ኤክስ62 አውቶቡስ በፒብልስና ኢነርሊዘን ያልፋል፤ ብስክሌት ይጭናል፣ ግን ቦታው ለሁለት ነው፣ ሦስተኛ ሰው ይቀራል። ከዚህ የሚሻለው እ.ኤ.አ. በ2015 እንደገና በተከፈተው የቦርደርስ ባቡር ጋላሺልስ ወርዶ ወደ ኢነርሊዘን መጋለብ ነው፤ ሰውነትንም ያሞቃል። በፒብልስና ኢነርሊዘን መካከል በቀድሞው የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ የብስክሌት መንገድ አለ፤ መኪና የለበትም፣ ሜዳ ነው፣ ግሌንትሬስን ይነካል። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ያ ብቻውን ግማሽ ቀን ይሞላል።

ለአደጋ 999 ወይም 112 ይደወላል። የስልክ ሞገድ ሸለቆው ውስጥ ይጠፋል፤ ድምፅ ባይሠራም መልእክት ሊሄድ ስለሚችል ለ999 በጽሑፍ መልእክት አስቀድሞ መመዝገብ ይቻላል፣ ቤት ሳይወጡ የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ምልክት ባለባቸው መንገዶች ላይ በአቅራቢያው ያለውን ምሰሶ ቁጥር ማስታወስ የነፍስ አድን ሰዎችን ፍለጋ ያሳጥራል። ከፈርን ተክል ውስጥ የወደቀ ሰው ማታ ሰውነቱን ለመዥገር ይፈትሽ፤ በዚህ አገር መዥገር የላይም በሽታ ያስተላልፋል። በቆዳው ጠርዝ በኩል በመንቀያ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ዘይት መቀባት ወይም በእሳት ማቃጠል አይጠቅምም።

ምግቡ የተለመደ የደን ካፌ ነው፤ ሾርባ፣ ኬክ፣ ቡና። ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይዘጋል፤ ጎልፊ ላይ ምንም ስለሌለ ከኢነርሊዘን መንገድ ላይ መያዝ ነው። ብስክሌቱ ሲታጠብ የውሃው ግፊት ወደ ሞዞው፣ ወደ ፔዳሉ መዞሪያና ወደ አሞርዛተሩ ማያያዣ ኩሽኔታዎች በቀጥታ አይነጣጠር፤ ግራሶውን አስወጥቶ ያንን ግራጫ ጭቃ ያስገባበታል። በዝቅተኛ ግፊት ከላይ ወደታች ታጥቦ፣ ካቴናው በጨርቅ ደርቆ፣ ለእርጥብ ጊዜ የሚሆነው ወፍራም ዘይት በየዘንጉ አንድ ጠብታ ተደርጎ ሌሊቱን ይደር፤ ጠዋት ትርፉ ይጠረግ። ሸራዎቹ በዚያው ሰዓት በባትሪ ብርሃን ይታዩ፤ የፒብልስና የኢነርሊዘን ሱቆች ጠዋት ከመከፈታቸው በፊት ዳገቱ ላይ መሆን የሚፈልግ ሰው ማታውኑ ነው ማወቅ ያለበት።